«እጅሽን ታጠቢ» ለሚሉን

«ከኢትዮጵያ ድረስ የመጣነው እጅሽ ግራሶ እንዲነካ ነው?» ይህን ጥያቄ በማሃኔ የሁዳ ግቢዎች ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እናት ለልጇ ትለዋለች፤ አጎት ለእህቱ ልጅ ይለዋል፤ ለቅሶ ቤት ቡና ሲጠጣ ሽማግሌ ለሽማግሌ ይለዋል። ጠያቂው መልስ የሚጠብቅ አይመስልም። እኔ ግን መልስ አለኝ። አዎ፣ ለዚህም ጭምር ነው የመጣነው። ሰው የወደደውን ሥራ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ማንም «ቡዳ» ሳይለው ማታ ቤቱ እንዲገባ ነው የመጣነው። መልሴ ለምን ትክክል እንደሆነ ለእናንተ ለልጆቻችንና ለልጅ ልጆቻችን ላስረዳ። አማርኛው ከከበዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ዓይናችሁ ባያውቀው ጆሯችሁ ያውቀዋል።

ክርክሩ የተነሳው በአንዲት አሮጌ ቬስፓ ነው። የልጅ ልጄ የውትድርና ግዴታዋን ጨርሳ በመጣችበት ዓመት፣ ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ግቢ ሎሚ ዛፍ ሥር ለዓመታት ቆማ የነበረች ቬስፓ ስፕሪንት 150 በትንሽ ገንዘብ ገዛች። ስፕሪንት ከ1965 ጀምሮ ጣሊያን አገር የተሠራች ዓይነት ናት፤ እንግዲህ በዕድሜ ከልጅቷ እናት ትበልጣለች። ቆርቆሮዋ ደህና ነው፤ ሞተሯ ግን ሞቷል። ቢረግጡት ንቅንቅ አይልም።

በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር የሚገባበትን ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ የሚሽከረከረው ዘንግ ነው፤ መካኒኮች ኮሎ የሚሉት። ኮሎው ተጠግቶት የሚዞረው ገጽ ከተቧጨረ ሞተሩ ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ፒስተን ቢቀየር፣ ሲሊንደር ቢቀየር ከንቱ ነው። ከፍተን ስናየው የተቧጨረው ያ ገጽ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሁለት መንገድ ነበረን፤ «አልቴ ዛኸን» እያለ በመኪና ለሚዞረው ቆራሌ መስጠት፣ ወይም ሌላ ሞተር መግጠም። ልጅቷ «ሌላ እንገጥማለን፣ ሳባ» አለች። ከዚያ በፊት ከብስክሌት ጎማ በቀር የፈታችው ነገር የለም። እኔም ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሣጥን ስጭን ኖርኩ እንጂ ሞተር ፈትቼ አላውቅም።

እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። የቁጣዋን ምክንያት በቅንነት ልንገራችሁ፤ የሚከራከሩትን ሰው ሐሳብ አሳንሶ ማቅረብ ነውር ነውና። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንገባ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። እንደ ብዙዎቹ የዕድሜ እኩዮቿ ከእኛ ተለይታ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። በሒሳብ ጎበዝ ነበረች። እሷንም ሳይጠይቁ፣ እኛንም ሳይጠይቁ፣ ስፌት ክፍል አስገቧት። «ለእናንተ ይህ ይሻላችኋል» አሏት። «ለእናንተ» የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። ዙሪያዋን ስታይ ክፍሉን የሞሉት ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ናቸው። ባግሩቷን ያገኘችው በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች ነው፤ ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ያኔ ነው ከልጆቼ አንዳቸውም መሣሪያ ጨብጠው እንጀራ አይበሉም ብላ የማለችው። ታዲያ ይህችን ሴት ተሳስተሻል ልበላት? አልላትም። የተደረገባት ነገር በደል ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ልጆቻችን ወደ እጅ ሥራ ክፍል የተነዱት ተፈትነው ሳይሆን ታይተው ነው።

ግን በደሉ የቱ ጋ ነበር? መርፌው ላይ ነው? ክሩ ላይ ነው? አይደለም። በደሉ ያልተጠየቀችው ላይ ነው። አንዱ ሰው የሌላውን መልክ አይቶ «አንተ ለጉልበት፣ እኔ ለብዕር» ሲለው ያ ስድብ ነው። ያው ሰው በገዛ ፈቃዱ ካቻቢቴ ሲያነሳ ግን ማን ሰደበው? ልጄን የነፈጓት ምርጫ ነው። አሁን እሷ ያንኑ ምርጫ ከልጇ ልትነፍግ ተነሳች። በግድ «ስፊ» ማለትም በግድ «አትንኪ» ማለትም ግዳጅ ነው። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ በጽሑፍም እደግመዋለሁ።

ንቀቱም እዚህ አገር የተወለደ አይደለም። ጎንደር አካባቢ የእኛ ሰዎች ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች፣ ግንበኞች ነበሩ፤ ሴቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር። ርስት ተነፍጎ መሬት የሌለው ሰው በምን ይደር? በእጁ ነዋ። አባቴ ወለቃ ላይ ቀጥቃጭ ነበር። እኔ ወናፍ እነፋለሁ፤ እሱ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ይቀጠቅጣል። ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይሠራል፣ መጥረቢያ ይሠራል። ገበሬው ያለ አባቴ ማረሻ አንድ ትልም ማውጣት አይችልም። ግን ማረሻውን ተቀብሎ ሲሄድ የልጁን ፊት በጋቢው ይሸፍናል፤ ዓይናችን ሰው ይበላል፣ ማታ ጅብ ሆነን እንወጣለን ብሎ ነው። ብረትን በእሳት አለስልሶ ቅርጽ የሚሰጥ ሰው ያስፈራቸው ነበር። የሚያስፈራቸውን ደግሞ ሰደቡት።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ለቀጥቃጩ፣ ለሸማኔው፣ ለሸክላ ሠሪው ሲባል ንጉሥ አዋጅ እስኪያስነግር ድረስ ስድቡ አገሩን ሞልቶ ነበር ማለት ነው። አዋጁም ስድቡን አላጠፋውም፤ እኔ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቼ ተወልጄ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ዛሬ እዚህ ሰፈር «ግራሶ የነካው እጅ» ተብሎ ሲናቅ ያ የማን አፍ ነው? የእኛ ነው? የዚያ ልጁን በጋቢ የሚሸፍነው ገበሬ አፍ ነው እኮ! በ1991 አውሮፕላን ስንገባ ሻንጣ እንኳ አልያዝንም፤ ስድቡ ግን አብሮን ተሳፍሯል። የሰደበን ሰው ሩቅ አገር ቀርቶ እኛ ራሳችን የእሱን ሥራ ስንሠራለት ማየት ያሳፍረኛል።

ሰፈራችንንም እዩት። ማሃኔ የሁዳን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የቆረቆሩት ከየመን የመጡ አይሁዶች ናቸው። የመን ውስጥም ብርና ወርቅ ከሚያነጥሩት፣ ብረት ከሚቀጠቅጡት ብዙዎቹ አይሁዶች ነበሩ። ወደዚህ ሲመጡ ግን የተፈለጉት ለእርሻ ጉልበት ነው። ስንቱ አንጥረኛ መዶሻውን አስቀምጦ ዶማ አንስቶ ይሆን? «ለእናንተ ይህ ይሻላችኋል» መባል በእኛ አልተጀመረም ማለቴ ነው። ይህን የምነግራችሁ ልትጽናኑበት አይደለም። በደሉ ሁልጊዜ በአንድ መልክ እንደሚመጣ እንድታውቁት ነው፤ ሰውየው የሚችለውን ማንም አይጠይቀውም።

ሁለተኛው የተቃዋሚዎች ነገር ደግሞ «የማታውቂውን አትንኪ፤ ለባለሙያ ስጪ» ነው። አንድ የሙሳኽ ባለቤት ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይህ ላንቺ አይሆንም፤ ለእኔ ሽጪልኝ» ብሏታል። እሱ ገበያውን ነው የሚያስበው፤ አልፈርድበትም። የምፈርደው ቃሉን እውነት ብለው በሚደግሙት ዘመዶቼ ላይ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ብረት ሳይነኩ ብረት መማር ከየት ይመጣል?

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ያስቀመጧቸው አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ሙያ ነበራቸው፤ መድፍ ግን ሠርተው አያውቁም። አናውቅም አሉ። ንጉሡ ሞክሩ አሏቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ተሠራ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ንጉሡ ያስገደዱበትን መንገድ አልደግፍም፤ ስለ ግዳጅ ያለኝን ከላይ ተናግሬያለሁ። የምላችሁ፣ የማያውቅ እጅ የሚያውቀው ሲሠራ ነው።

ቬስፓን ራሷንም ተመልከቱ። የፒያጆ ፋብሪካ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖንቴዴራ ያለውን ፋብሪካውን አወደመው። ከጦርነቱ በኋላ ለድሃ ሰው የምትሆን ርካሽ መጓጓዣ ሲታሰብ ሥራው የተሰጠው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለሚባል መሐንዲስ ነው። ሰውየው የሄሊኮፕተር ሰው ነው፤ ሞተር ሳይክል ጭራሽ አይወድም። ያቆሽሻል፣ ለመቀመጥ አይመችም፣ ጎማ ሲተነፍስ አበሳ ነው ይል ነበር። ስለማይወደውም ሌሎቹ እንደለመዱት አልሠራውም። ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፈነው፤ የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ ያዘው፤ ጎማ መቀየር ቀላል ሆነ። በ1946 ቬስፓ ወጣች። ለሞተር ሳይክል ጀማሪ የሆነ ሰው ነው ዓለም የሚያውቃትን ቬስፓ የሠራው።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ፤ ጀማሪ ይችላል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታዩታላችሁ። ፒኤክስ የሚባለው የቬስፓ ተራ ከ1977 ወዲህ የመጣ ነው፤ ሞተሩ በስፕሪንት አካል ላይ ይገጥማል። ከተጋጨች ፒኤክስ የወጣ የ150 ሞተር ከነወረቀቱ ገዛን። ልጅቷ ከምንም በፊት ፎቶ አነሳች። ከዚያ የሚፈታውን ሁሉ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረገችበት፤ ሁለት የማርሽ ገመድ፣ አንድ የፍሪሲዮን፣ አንድ የኋላ ፍሬን፣ ከካርቡራተሩ ሁለት፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የመብራት ሽቦዎች። የፈታችውን ብሎንና ዳዶ በየቡና ስኒው ለየች። እናቷ ለስኒዎቹ ሌላ ቁጣ ተቆጣች፤ በዚያኛው እውነቷን ነው።

ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚይዙት ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ከፊት በኩል ከጎን እስከ ጎን የሚያልፍ ረጅም ብሎን ነው፤ ሌላው አሞርዛተሩ የሚታሰርበት ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። ረጅሙ ብሎን ግን ዝጎ ከቤቱ ጋር አንድ ሆኗል። እዚህ ላይ ጉልበተኛ ሰው ይሸነፋል። ዝገት የሚበላ ዘይት ጠዋትና ማታ እያንጠባጠብን፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልን እየነካን፣ ስድስት ቀን ጠበቅነው። በሰባተኛው ቀን ወጣ። ልጅቷ ያን ጊዜ ያሳየችውን ትዕግሥት ሌላ ቦታ አይቼባት አላውቅም። ብሎኑ ሲለቅ ሞተሩ ከነኋላ ጎማው ወረደ፤ አዲሱ በዚያው መንገድ ገባ።

መግጠሙ አላስቸገረም፤ ኤሌክትሪኩ ነው ያስቸገረው። አሮጌው ሞተር 6 ቮልት ነው፤ እሳቱን የሚያስነሳው በፑንቲና ነው። አዲሱ 12 ቮልት ነው፤ ፑንቲና የለውም። ስለዚህ አምፖሎቹ ሁሉ ይቀየራሉ፣ ክላክሱ ይቀየራል፤ ቮልቱን የሚገዛ ሪጉላተር ይጨመራል፤ እሱም ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰራል። ይህን ካላደረጋችሁ መብራቱ ገና በመጀመሪያው ማታ ይቃጠላል። ማርሹ ቤት 250 ሚሊ ሊትር ዘይት ገባ። ቤንዚኑ ውስጥ ደግሞ በመቶ 2 ዘይት ይቀላቀላል፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ስታሰላ እናቷ በመስኮት ሆና ሰማች። ምንም አላለችም።

ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ማታ ማታ ብቻ። እዚህ ላይ እናንተን የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። ልጅቷ ስልኳን ከፍታ የአንዱን ዕቃ ስም በጣሊያንኛ ስታነብ እኔ ገባኝ። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፤ የአማርኛ መካኒክ ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነው። እዚህ አገር ሙሳኽ ብትሄዱ ደግሞ ክላች፣ አግዞዝ፣ ብሬክስ ይላሉ፤ እሱም ከእንግሊዝ የቀረ ነው። ጠላትም ይሁን ገዢ፣ ሲሄድ ቃሉን ጥሎ ይሄዳል፤ ሠራተኛው አንስቶ የራሱ ያደርገዋል። አማርኛዬ «የቤት ብቻ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ የጣሊያን ሞተር የተፈታው በአማርኛ ነው።

ሦስተኛ ተቃውሞ ከሌላ ወገን መጣ፤ አሮጌ ዕቃ ከሚሰበስቡ ሰዎች። ሞተሩ ከተቀየረ ዋጋ የላትም፤ የሞተሩ ቁጥርና የአካሉ ቁጥር አብረው የተወለዱ መሆን አለባቸው ይላሉ። ለሙዚየም ትክክል ነው። እኛ ግን አሮጌውን ሞተር አልጣልነውም፤ ዘይት ቀብተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን አስቀምጠነዋል። ሎሚ ዛፍ ሥር በሙሉ ክብሯ ቆማ ከምትዝግና በሌላ ሞተር ከምትሄድ የቷን ትመርጣላችሁ? እኔ የምትሄደውን።

አንድ ወዳጄ ደግሞ በዓል ቀን ተነስቶ «እኛም እንደዚህች ቬስፓ ነን፤ ቆርቆሯችን የጎንደር፣ ሞተራችን የእስራኤል» ብሎ ንግግር አደረገ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ለሰው ሞተር አይቀየርለትም። ቬስፓ ቬስፓ ናት። የእጅ ሥራ ክብር የሚያገኘው ሌላ ነገር ስለሚመስል አይደለም። አባቴ ማረሻ ሲሠራ ማረሻ ነው የሚሠራው፤ ያ በቂው ነበር።

የክርክሬን ወሰንም ልንገራችሁ፤ ነገ አንዱ «ሳባ እንዲህ ብሏል» ብሎ እንዳይጎዳ። የሞተሩ ቁጥር በተሽከርካሪው ፈቃድ ላይ ይጻፋል። ሞተር ከቀየራችሁ ለፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አስታውቃችሁ፣ ወረቀቱን አስተካክላችሁ፣ ቴስት አልፋችሁ ነው መንገድ የምትወጡት። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ተሽከርካሪ ደግሞ እንደ አሮጌ ስብስብ የሚመዘገብበት የራሱ ሥርዓት አለው። ፍሬኑን የሚያውቅ ሰው ሳያየው እንዳትነዱ። ልጅቷም ከቴስት በፊት ከግቢ አላወጣቻትም። ጀማሪነት መብት ነው፤ ግዴለሽነት ግን ሌላ ስም አለው።

ትምህርት ይቅር እንዳልኩም አታስመስሉብኝ። ተማሩ፤ ዶክተር ሁኑ፣ ጠበቃ ሁኑ፣ ልጄ እንደ ሆነችው የሒሳብ ሰው ሁኑ። የልጅ ልጄም ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ተመዝግባለች፤ ምን እንደምትማር እሷ ታውቃለች። እኔ የምቃወመው መጽሐፍን ለማክበር ሲባል መዶሻን የሚያዋርደውን አፍ ነው። መጽሐፍ የሚወድ ሰው መዶሻ አይፈራም። ቄሶቻችን ኦሪት ሲያነቡ ኖረው፣ ሲመሽ ማሳቸውን ይኮተኩቱ ነበር።

ልጄ እስካሁን አልተስማማችም። ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አንብባዋለች፤ «የእኔን ነገር በደንብ ጽፈሃል፣ ግን አላሳመንከኝም» አለችኝ። መልስ ልትጽፍ ትችላለች፤ ብትጽፍ ከዚህ ጽሑፍ ጎን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። እናንተ ደግሞ ሁለታችንንም አንብባችሁ ፍረዱ። ፍርዳችሁ ግን በወሬ አይሁን። ያ የተቧጨረው አሮጌ ሞተር ጎተራዬ ውስጥ አለ፤ ለመፈታታት የሚያገለግል ነው፤ ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለውም። ዓርብ ዓርብ ከቀትር በፊት ግቢው ክፍት ነው። ወንድም ሴትም ኑ፤ የሥራ ልብስ ለብሳችሁ ኑ። ከቀትር በኋላ እንዘጋለን፤ አባቴም ዓርብ እሳቱን የሚያጠፋው በዚያ ሰዓት ነበር።